የወርድ ፋይልና የመጽሐፍ ረቂቅ በጊት መያዝ ያዋጣል? (ፕሮግራመር አይደለሁም)

የአራት_ኪሎዋ፦

ሰላም ናችሁ። አራት ኪሎ ሦስት ሆነን የምንሠራባት አንዲት ክፍል አለችን። መጽሐፍ እንተይባለን፣ እናርማለን፣ ሌይአውት (የገጽ አቀማመጥ) ሠርተን ለማተሚያ ቤት የሚሄደውን ፒዲኤፍ እናወጣለን። በሰኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጎርፋል፣ በጥር የሠርግ ካርድ ይመጣል፣ እንጀራችን ግን መጽሐፍ ነው።

ባለፈው ወር ጉድ ሆንኩ። የአንድ ደራሲ ልቦለድ ነው፣ 312 ገጽ። ሦስት ዙር ታረመ፣ ፒዲኤፉ ወጣ፣ 1,000 ቅጂ ታተመ። ደራሲው አንዱን አንስቶ ቆሞ ሲያገላብጥ ምዕራፍ 7 ላይ ዝም አለ። በሁለተኛው ዙር አልማዝ የነበረችውን ሴት በሦስተኛው ዙር ዘውዴ አስብሏት ነበር። በታተመው መጽሐፍ እስከ ምዕራፍ 6 ዘውዴ ናት፣ ምዕራፍ 7 ላይ ድንገት አልማዝ ትሆናለች፣ ምዕራፍ 8 ላይ ተመልሳ ዘውዴ።

ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ያሳፍራልም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምዕራፍ 7ን ቤቷ ወስዳ አርማ በቴሌግራም ላከችልኝ። እኔ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን አስገባሁ። ማተሚያ ቤቱ የሰጠሁትን ነው ያተመው፣ እሱ ምንም አላጠፋም። የምዕራፉን ገጾች እንደገና አሳትመን፣ ጥራዙን አስፈትተን እንደገና አስጠረዝን። ወጪው ከኔ ኪስ።

በኋላ ፎልደሩን ከፍቼ ሳይ ያገኘሁት ይሄን ነው፦ «ልቦለድ የመጨረሻ»፣ «ልቦለድ የመጨረሻ 2»፣ «ልቦለድ የእውነት የመጨረሻ»፣ «ጋሼ ያዩት»፣ «ጋሼ ያዩት አዲሱ»፣ «ይሄኛው ነው»። «ይሄኛው ነው» የተባለው ግን እሱ አልነበረም።

ወንድሜ ካዛንቺስ አንድ ሶፍትዌር ቤት ይሠራል። ስነግረው ሳቀብኝና «እኛ ጊት አለን፣ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስብንም» ብሎኝ እርፍ። የፋይል ለውጥን ታሪክ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው አለኝ። እንዴት ልጠቀምበት ስለው ግን እሱም ከኮድ ሌላ ነገር ላይ ሞክሮት አያውቅም። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። ለወርድ ፋይል ይሠራል? ኢንተርኔት ከሌለስ? መብራት ሲጠፋስ? ደግሞ አራሚያችን ጋሼ 70 ዓመት አልፏቸዋል፣ ድሮ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፣ ኮምፒውተር አይነኩም። በቀይ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ነው የሚያርሙት። የሳቸው እርማት በምን በኩል ይገባል? እባካችሁ በአማርኛ አስረዱኝ፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው ሁሉ ለፕሮግራመር ነው።

ቡና_ያለ_ስኳር፦

እህቴ፣ በጊት ራስሽን አታድክሚ። ወርድ ራሱ ለውጥ መከታተያ አለው፣ ትራክ ቼንጅስ የሚሉት። ማን ምን እንደነካ በቀለም ያሳይሻል። ሁለት ፋይል ተደባልቆብሽ ከሆነ ደግሞ እዚያው ሪቪው ውስጥ ኮምፔር የሚል አለ፣ ሁለቱን ስትሰጪው ልዩነቱን አውጥቶ ያሳይሻል። ምዕራፍ 7 ላይ ያንን አድርገሽ ቢሆን አልማዝ በአንድ ደቂቃ ትያዝ ነበር።

ለፋይል ስም ደግሞ ቀን ስጪው፣ ዓመቱ መጀመሪያ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። በፊደል ተራ ሲደረደር በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፍልሻል። ግን አንድ አቆጣጠር ምረጡ። አንዷ በኛ አንዷ በፈረንጅ ከጻፈች ዛሬ የተሠራው ፋይል ከሰባት ዓመት በፊት የተሠራ ይመስላል። በኔ ደርሷል።

«የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ግን ከቢሮው አባርሩት።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ቡና ያለው አልተሳሳተም። ግን የሷን ችግር በደንብ አንብበው። ትራክ ቼንጅስ አንድ ፋይል ውስጥ ያለውን ለውጥ ነው የሚያሳየው። እሷ የጠፋባት ከስድስቱ ፋይል የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ ነው። ጊት የሚመልሰው ይሄኛውን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ጊትን የጻፈው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ለሊኑክስ ከርነል፣ የአንድ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ሥራ ላይ ሳይተያዩ እንዲሠሩ ነው የታሰበው። ፎልደርሽን ጊት ያዘው ማለት እዚያው ውስጥ አንድ የተደበቀ ፎልደር ይፈጠራል ማለት ነው፣ ታሪኩ በሙሉ የሚቀመጠው እሱ ውስጥ ነው። ሠርተሽ ሴቭ ስታደርጊ ምንም አይሆንም። «ኮሚት» ስትይው ግን በዚያ ሰዓት ያለውን ሁኔታ ይመዘግባል፣ ከስምሽ፣ ከቀኑና ከምትጽፊው አጭር ማስታወሻ ጋር። ፋይሉ ስሙ አንድ ነው፣ ምንጊዜም «ምዕራፍ 7»። የድሮው ታሪኩ ውስጥ አለ፣ ስትፈልጊ ታወጪዋለሽ።

ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ይሄ ነው ለኛ አገር የተሠራ የሚያስመስለው። ታሪኩ በሙሉ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ ኮሚት የምታደርጊው እዚያው ነው። ለመለዋወጥ ኔትወርክ ከሌላችሁ ፍላሽ ላይ «ቤር» የሚባለውን ዓይነት ማከማቻ ፍጠሪ። ያው ታሪኩ ብቻ ያለበት፣ የሥራ ፋይሉ የማይታይበት ነው። ሦስታችሁም ወደሱ ትልካላችሁ፣ ከሱ ትወስዳላችሁ። ፍላሹ ቢጠፋ ሦስቱም ኮምፒውተር ላይ ሙሉው አለ። አዲስ ጊት ከሆነ ፍላሽ ላይ ስትሞክሪ የባለቤትነት ነገር ብሎ እምቢ ሊልሽ ይችላል። ፍላሾች የሚፎረማቱበት ዓይነት ፋይሉ የማን እንደሆነ ስለማይመዘግብ ነው። ጊት ራሱ የሚሰጥሽን አንድ መስመር ትዕዛዝ ገልብጠሽ አስገቢ፣ ያልፋል።

መብራት፦ ጊት ያልተመዘገበ ነገር አያድንም። ሴቭ ሳታደርጊ ከጠፋ ጠፋ። ዩፒኤስ ግዢ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ።

አሁን መጥፎው ዜና። የወርድ ፋይል ጽሑፍ አይደለም፣ ዚፕ (የታመቀ ጥቅል) ነው። አታምኚኝ ይሆናል፣ አንዱን ኮፒ አድርጊና ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለውን ወደ ዚፕ ቀይረሽ ክፈቺው። ውስጡ ፎልደር በፎልደር ነው፣ ጽሑፍሽ «ዶክዩመንት» በሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ በምልክት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጊት ልዩነት የሚያሳየው መስመር ከመስመር እያስተያየ ነው፣ የታመቀ ፋይል ውስጥ ደግሞ መስመር የሚባል የለም። አንድ ኮማ ብትጨምሪ «ፋይሎቹ ይለያያሉ» ብሎሽ ዝም ይላል። ከዚህ የባሰው፣ ሁለታችሁ አንድ ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ከነካችሁ ሊያዋህደው አይችልም። አንዱን ምረጡ ይላል፣ የሌላዋ ሥራ በእጅ ይገባል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ ቶርቶይስ ጊት፣ ያ ኤሊ ምልክት ያለው። በማውዝ ቀኝ ተጭነሽ ነው ሁሉን የምትሠሪው፣ ሁለት የወርድ ቅጂ አወዳድር ስትይው ራሱ ወርድን ከፍቶ ቡና ያለው የነገረሽን ኮምፔር ያስነሳልሻል። ሁለተኛው ፓንዶክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ጊት ልዩነት ሊያሳይ ሲል መጀመሪያ ወርዱን ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሮ ይሰጠዋል። አንዴ ወንድምሽ ያስተካክልልሽ፣ ከዚያ በኋላ አትነኪውም። ሳቅ ብቻ አይበቃም በይው።

ሁለት ነገር እንዳትረሺ። ወርድ ፋይል ሲከፈት በቲልዴ (~) እና በዶላር ምልክት የሚጀምር ድብቅ ፋይል ይፈጥራል፣ ጊት እሱን እንዲተወው ንገሪው። ማከማቻውን ደግሞ ድሮፕቦክስ ወይም ጉግል ድራይቭ በራሱ የሚያመሳስለው ፎልደር ውስጥ እንዳታስገቢ። ሁለቱ አንድ ፋይል ላይ ሲሻሙ ታሪኩ ይበላሻል፣ የተበላሸ ታሪክ ደግሞ ለመጠገን ያስለቅሳል።

ዝም_ባይ፦

ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ለኔ በቂ ነው 😀

ሰርቨር_ጠባቂ፦

እሷም እንደዚያ ነበር የምትለው፣ እስከ ምዕራፍ 7።

ፊደል_ቆጣሪ፦

እኔ ተርጓሚ ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ በጊት ስሠራ። ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን አማርኛ ላይ የሚመጣውን ጣጣ ማንም አልነገረሽምና ልንገርሽ።

የኔ ምክር ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ሳለ ወርድን ተዪው ነው። ተራ የጽሑፍ ፋይል ተጠቀሚ። ርዕስ ለማመልከት አንድ ምልክት፣ ለግርጌ ማስታወሻ ሌላ ምልክት፣ ማርክዳውን ይሉታል፣ በግማሽ ቀን ይለመዳል። ማጉላትና ማስዋብ የሌይአውት ሥራ ነው፣ በእርማት ጊዜ ምን ያደርግልሻል? ደራሲው በወርድ ካልሰጣችሁኝ ካለ ፓንዶክ መልሶ ወርድ ያደርገዋል።

ዋናው ዘዴ ግን ይሄ ነው፦ አራት ነጥብ ባገኘሽ ቁጥር እንተር። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር። አንቀጽ መለየት ስትፈልጊ አንድ ባዶ መስመር ተዪ። ፓንዶክ ሲቀይረው መልሶ አንቀጽ አድርጎ ያያይዘዋል። አንቀጹን እንደ ወርድ በአንድ ረጅም መስመር ካስቀመጥሽው አንድ ፊደል ስትነኪ ጊት አንቀጹ በሙሉ ተለውጧል ይልሻል፣ የተለወጠውን በዓይንሽ መፈለግ ይሆናል። በመስመር ሲሆን እንዲህ ነው የሚታየው፦

− ጸሀይ ከየካ ተራራ ጀርባ ስትወጣ አልማዝ በሩን ከፈተች።
+ ፀሐይ ከየካ ተራራ ጀርባ ስትወጣ ዘውዴ በሩን ከፈተች።

የላይኛው የወጣው፣ የታችኛው የገባው። ቃል በቃል አሳየኝ የሚል አማራጭም አለው፣ ያኔ ሁለቱ ቃል ብቻ ቀለም ይቀባሉ።

እዚህች ምሳሌ ላይ ሁለተኛው ጣጣ አለ፣ አየሽው? ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለጆሮሽ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። አንዷ «ሠራተኛ» ሌላዋ «ሰራተኛ» የምትተይብ ከሆነ ታሪኩ በማይረባ ለውጥ ይሞላል፣ ቁም ነገሩ ይደበቅብሻል። ሥራ ሳትጀምሩ ቤቱ የሚጠቀምበትን አጻጻፍ ቁረጡ፣ እሱን ራሱን አንድ ፋይል አድርጋችሁ እዚያው ጊት ውስጥ አስቀምጡት። አራት ነጥብንም እንደዚሁ። ሁለት ጊዜ ኮሎን እየመታ አራት ነጥብ የሚያስመስል ደራሲ አሁንም አለ። እሱን መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ቀይሪና ለብቻው ኮሚት አድርጊው፣ «ነጥብ ማስተካከል» ብለሽ። ከእርማቱ ጋር አትቀላቅዪው።

ሦስተኛ፣ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍ ከመጣ ተጠንቀቂ። ዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደላት ኮድ፣ አይደለም። ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው የሚያለብሰው። ጊት ፎንት አያውቅም፣ እርቃኑን ነው የሚያሳይሽ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በፊት የተተየበ ነገር ካለሽ መጀመሪያ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አምጪው፣ ከዚያ አራሚ ያንብበው። መቀየሪያዎቹ አንዳንድ ፊደል ይስታሉ።

በኖትፓድ ከሠራችሁ ሴቭ ስታደርጉ ዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ የሚቀመጥበት ዓይነት) መሆኑን እዩ። አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ ያደርገዋል። የቆየ ዊንዶውስ ላይ ግን አንሲ (አማርኛ የማይይዝ የድሮ ዓይነት) ብሎ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ ያኔ ምዕራፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጠብቅሻል። ያስጠነቅቃል፣ ግን ማን ያነበዋል።

የፋይሉን ስም በአማርኛ ብትሰጪ ጊት መጀመሪያ ላይ በቁጥርና በወደኋላ ጭረት ያሳይሻል፣ አትደንግጪ። ፋይሉ አልተበላሸም። «ኮር ኮትፓዝ» የሚባለውን ቅንብር አጥፊው፣ ስሙ በፊደል ይወጣል። ቀንና ሰዓቱ በፈረንጅ ነው የሚመዘገበው። 14:30 ካለሽ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

የአራት_ኪሎዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ የአራት ነጥቡ ነገር በጣም ገባኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ጽሑፉ ኢንዲዛይን (ሌይአውት የምንሠራበት ፕሮግራም) ውስጥ ከገባ በኋላ ጋሼ የሚያርሙት የሌይአውቱን ህትመት ነው። እርማቱን እዚያው ኢንዲዛይን ውስጥ ነው የምናስገባው። ታዲያ ያ የጽሑፍ ፋይል ወደኋላ አልቀረም?

ፊደል_ቆጣሪ፦

ቀረ እንጂ። የሥራው ከባዱ ቦታ እዚህ ነው፣ ፕሮግራመሮቹም ይሄን አያውቁትም ምክንያቱም እነሱ ሌይአውት የለባቸውም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጽሐፉ ወደ ኢንዲዛይን ሲገባ ጊት ላይ አንድ ምልክት አኖራለሁ፣ «ታግ» ይባላል፣ «ወደ ሌይአውት የገባ» ብዬ። ከዚያ እርማት ሁሉ ኢንዲዛይን ላይ። ፒዲኤፉ ሊወጣ ሲል ጽሑፉን ከኢንዲዛይን አውጥቼ፣ ዓረፍተ ነገሩን በመስመር ሰባብሬ፣ በአሮጌው ፋይል ላይ አስቀምጠዋለሁ። መሰባበሩን ፈልግና ተካ ራሱ ያደርገዋል፣ አራት ነጥብን በአራት ነጥብና እንተር መተካት ነው። አሁን ልዩነቱን ሳይ ሌይአውት ላይ የተለወጠው ሁሉ ይወጣል። ጋሼ ያረሙት ይታያል። ደስ የሚለው ደግሞ ማንም ያላዘዘው ለውጥም ይታያል። አንድ ጊዜ ግማሽ አንቀጽ ጠፍቶ አግኝቻለሁ፣ አንድ ሰው ገጽ ለማሳጠር ሲል በስህተት አጥፍቶት።

ከዚያ «ለማተሚያ የተሰጠ» የሚል ታግ። እያንዳንዱ ኮሚት መታወቂያ ቁጥር አለው፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ፊደልና ቁጥር ይበቃሉ። እሱን ፒዲኤፉ ላይ ከመቁረጫው መስመር ውጭ በትንሹ ጻፊው። ማተሚያ ቤቱ ዘንድ ያለው ቅጂ የትኛው እንደሆነ በስልክ ማረጋገጥ ትችያለሽ፣ «ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ» ነው። አልማዝ እዚያ ትቀር ነበር።

የሽፋን_ሰው፦

እኔ ግራፊክስ ነኝ፣ ድሮ ፒያሳ ነበርኩ፣ አሁን ስታዲየም ዙሪያ። ለጽሑፍ የተባለው ሁሉ ይሁን። ለፎቶሾፕና ለኢንዲዛይን ግን ጊትን አልመክርም፣ ተቃጥዬበታለሁ።

ሽፋን ሥራ 150 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ መስመር ስታንቀሳቅሺ ጊት ፋይሉን በሙሉ እንደ አዲስ ነው የሚያስቀምጠው፣ እንዲህ ዓይነት ፋይል ደግሞ ታምቆም ብዙ አይቀንስም። ደንበኛ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ «ቀዩን ትንሽ ሞቅ አድርገው» ይልሻል፣ ቀጥሎ «አይ እንደበፊቱ»። በሁለት ወር ማከማቻው 9 ጊጋ ሆነብኝ። ታሪክ ውስጥ ስለሆነ ፋይሉን ብታጠፊውም አይቀንስም። ወደ ጊትሃብ (የጊት ማከማቻ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ልላክ ብል ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ለትልልቅ ፋይል ኤልኤፍኤስ የሚባል ተጨማሪ ነገር አለ፣ ይሠራል፣ ግን ለነፃ ተጠቃሚ ቦታው ውስን ነው፣ የኛ ኢንተርኔትም እንደምታውቁት ነው።

አሁን የምጠቀመው ኤስቪኤንን ነው፣ እንደ ጊት ለውጥ የሚመዘግብ ሌላ ፕሮግራም። ጥንታዊ ነው፣ ወጣቶቹ ይስቁብኛል። ግን አንድ ነገር አለው፦ መቆለፍ። አንዴ እንዲህ ካስተካከልሽው፣ ፋይሉን ካልቆለፍሽ ለማንበብ ብቻ ነው የሚከፈትልሽ። እኔ ቆልፌ ስሠራ ሌላው መጻፍ አይችልም፣ ስጨርስ እፈታለሁ። ሁለት ሰው አንድ ሥዕል ላይ ሠርቶ ማዋሃድ የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ ተራ መጠበቅ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ሰርቨር ሆኖ ቢሮው ውስጥ በዋይፋይ ይሠራል። የሌላው ሰው ኮምፒውተር ላይ ያለው የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ስለሆነ ብዙ ዲስክ አይበላም። ጉዳቱም እዚያው ነው፣ ሰርቨሩ ከሞተ ታሪኩ አብሮ ይሞታል። በየአርቡ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ኮፒ አደርጋለሁ።

ልጁ ቆልፎ ምሳ ሲሄድ ግን ያናድዳል። አንዴ ቆልፎ ሐዋሳ ሄዶብኛል። እርግጥ በግድ መፍታት ይቻላል፣ እኔ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ሒሳብ_ሹም፦

ለኤክሴል ፈላጊ ካለ ልጨምር። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አስመጪ ጋር ነው የምሠራው። የዋጋ ዝርዝራችን 2,400 እቃ አለው፣ ዶላር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለወጣል። ደንበኛ «ባለፈው ሳምንት ይሄን አልነበረም ያላችሁኝ» ሲል ጠብ ነበር። አሁን ዝርዝሩን በየቀኑ ወደ ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) አወጣና ኮሚት አደርጋለሁ። አንዱ እቃ በየትኛው ቀን ስንት እንደነበረ በሰከንድ ይወጣል።

ሁለት ጉድጓድ አለ። ሲኤስቪ ፎርሙላ አይዝም፣ የወጣውን ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ኤክሴሉም ለብቻው መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው፣ ሲኤስቪውን በድርብ ክሊክ በኤክሴል ከፍተሽ መልሰሽ ሴቭ እንዳታደርጊ። የደንበኞች ስልክ 0911 ብሎ የሚጀምረው ዜሮውን ይጥልና 911 ይሆናል። 600 ደንበኛ ዜሮውን አጥቶ ነበር። ጊት ላይ ልዩነቱን ሳይ 600 መስመር ቀልቶ አየሁ፣ «መልስ» አልኩት፣ ተመለሰ። ያን ቀን ነው በጊት ያመንኩት። አማርኛ ካለበት ደግሞ ስታወጪው «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጪ፣ ተራውን አይደለም።

ቡና_ያለ_ስኳር፦

እሺ፣ ዜሮው አሳመነኝ። ግን ሰዎቹ ኮሚት ማድረግ ቢረሱስ? የኔ ልጆች ሴቭ ማድረግ ራሱ ይረሳሉ።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ይረሳሉ። የመጀመሪያው ወር ሁሉም ይረሳል። ማስታወሻውም ላይ «ለውጥ» ብለው ይጽፋሉ፣ ምን ለውጥ? እኔ ቢሮ ያደረግኩት ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ ለምሳ ስትወጣ አንድ ጊዜ፣ ማታ ስትወጣ አንድ ጊዜ። ማስታወሻው ላይ ቢያንስ የምዕራፉ ቁጥርና የማን እርማት እንደሆነ። ሌላ ምንም ደንብ አልጨመርኩም፣ ብጨምር አይጠበቅም ነበር።

የአራት_ኪሎዋ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ምን እንደደረሰብኝ ልንገራችሁ።

ሽፋንና ሌይአውቱን እንደ ሽፋን ሰው ምክር ለይቼ አወጣሁ። ኤስቪኤን ገና አልጀመርኩም፣ ለጊዜው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርጌያለሁ፣ እሱም መቆለፍ ነው። ጽሑፉን ወደ ተራ ፋይል አመጣሁት፣ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ዓረፍተ ነገር በመስመር። ቶርቶይስ ጊት ጫንን። ወንድሜ ቅዳሜ መጥቶ ፓንዶኩን አስተካክሎ ሄደ፣ ምሳ በልቶብኝ። በፍላሽ ነው የምንለዋወጠው፣ የባለቤትነቱ መልእክት ልክ እንደተባለው መጣ፣ ገልብጬ አስገባሁ፣ አለፈ። ከ«ነጥብ ማስተካከል» ኮሚታችን ብቻ 1,100 መስመር ተለወጠ፣ ደራሲው ኮሎን ወዳጅ ነበር።

የጋሼ ነገር እንዲህ ሆነ። እሳቸው ወረቀቱ ላይ ያርማሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ኮሚት ሳደርግ «ኦተር» (ሠሪው) የሚል ቦታ ላይ የሳቸውን ስም እንዳስገባ አንድ ሰው በግል መልእክት ነገረኝ። ኢሜይል ይጠይቃል፣ የቤቱን ሰጠሁት። ታሪኩ ላይ «ጋሼ፣ ምዕራፍ 4፣ ሁለተኛ ዙር» እያለ መሰለፍ ጀመረ። ደስ አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ደራሲው ደወለ። ምዕራፍ 4 ላይ «ሠዓሊ» ብዬ የጻፍኩት በንጉሡ ሠ ነበር፣ በ«ሰ» ማን ቀየረብኝ? አለ። ጊት ላይ «ብሌም» የሚሉት አለ፣ እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ያወጣል። ስሙ ራሱ ወቀሳ ነው። ከፈትኩት፣ ጋሼ ይላል።

ጋሼን ጠርቼ ስክሪኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጠጋ አሉ። «እኔ? ሠዓሊን በሰ?» አሉ። የተናደዱ አይመስሉም፣ የገረማቸው ይመስላሉ። ምንም ሳይሉ ከጥግ ካለው የወረቀት ክምር ውስጥ ፈልገው ፈልገው ገጹን አወጡ። በቀይ የታረመው ከዚያ መስመር ላይ አንድ ኮማ ብቻ ነው። ሠዓሊ በንጉሡ ሠ እንደተጻፈ ነው፣ ማንም አልነካውም። ኮማውን ሳስገባ ቃሉን አጥፍቼ መልሼ የተየብኩት እኔ ነኝ።

ፊደል_ቆጣሪን በግል ጠየቅኩት፣ ሳቀብኝ (ሰው ሁሉ ይስቅብኛል)። ለካ ጊት ሁለት ስም ነው የሚይዘው። አንዱ ሥራውን የሠራው፣ ሌላው ወደ ታሪኩ ያስገባው። ያስገባችው እኔ መሆኔን ጊት መዝግቦት ነበር፣ በተለመደው ማሳያ ግን አይታይም፣ ሙሉውን አሳየኝ ማለት ያስፈልጋል። ማሳያውን ሁለቱም እንዲወጣ አስተካከልኩት። አሁን ጋሼ የሚለው ሥር የኔ ስም አለ።

ለጋሼ መልሼ አሳየኋቸው። አነበቡት። «ጥሩ፣ አራሚና ለቃሚ» አሉ። ድሮም ማተሚያ ቤት እያሉ እርማቱ ወረቀት ላይ ሁለቱ ይፈርሙ እንደነበር ነገሩኝ።

«እንግዲያው ይሄን የወረቀት ክምር ልጣለው?» አልኳቸው፣ ግማሹን ጥግ ይዞብናል።

«ተዪው» አሉኝ። «መብራት ሲሄድ በምን ልትወቅሺኝ ነው?»